አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይደርሳል?

ደብተራችሁን ግለጡ፣ እርሳስም ያዙ። ዛሬ የምናነበው የአውሮፕላን ቲኬት ነው።

በማታ ክፍል የማስተምራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ከዋሽንግተን ልትመጣ ሆነና ቲኬቱን በስልክ ላከችላቸው። መድረሻው ላይ «8፡00» የሚለውን ራሳቸው አነበቡ፤ ደስም አላቸው። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ቦሌ ደረሱ። ልጅቷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። «መምህር፣ 8 ይላል እኮ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁጥሩን አልሳቱም። የሳቱት ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ነው።

ቲኬት የሚጻፈው በውጭ አገር አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 6 ቀንሱ። ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ 2 ይቀራል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። 22፡00 ቢልስ? 6 ሲቀነስ 16 ይቀራል። ይህ ከ12 ስለሚበልጥ 12 ደግሞ ቀንሱ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ6 ካነሰ ግን 6 ደምሩ። 3፡00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

አሁን መንገዱን እንለካ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና መንገዱ ከሩብ ይበልጣል። ትልቅ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 11,500ን ለ900 ስናካፍል 13 ሰዓት ገደማ እናገኛለን። ከዋሽንግተን በቀጥታ ወደ እኛ ሲመጣ የሚፈጅበት ጊዜም ይህንኑ ያህል ነው።

ሲሄድ ግን 17 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ለምን? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን እንደ ቆላ አየር አይደግፈውም፣ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጅ ጢም አድርጎ ለመነሣት ይከብደዋል፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደግሞም ከፍታ ላይ ነፋሱ የሚነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄድ ይይዘዋል፤ ሲመለስ ያግዘዋል።

እስቲ እናስላ። አንድ ቲኬት መነሻው 22፡00፣ ዋሽንግተን መድረሻው በማግሥቱ 7፡00 ነው እንበል። 9 ሰዓት ብቻ ይመስላል። አይደለም! መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ፀሐይ ለእኛ ቀድማ ስለምትወጣ ዋሽንግተን በብርዳቸው ወራት ከእኛ 8 ሰዓት፣ በሙቀታቸው ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ብርድ ከሆነ በ9 ላይ 8 ጨምሩ፤ እውነተኛው ጉዞ 17 ሰዓት ነው።

የቤት ሥራ እነሆ። በብርድ ወር ከዋሽንግተን 11፡00 ተነሥቶ በማግሥቱ 8፡00 አዲስ አበባ ቢደርስ ስንት ሰዓት በረረ? 21 ይመስላል። አሁን ግን አትደምሩ፤ 8 ቀንሱ። 13 ካገኛችሁ ገብቷችኋል።

እኚያ እናት በሌላ ጊዜ ልጃቸው ስትመጣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ነበሩ። ልጅቷ ሻንጣዋን እየገፋች ስትወጣ ቆመው አገኘቻቸው።