ጀማሪውን በአንጋፋው መለካት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን አንድ ጀማሪ እስፖርተኛ በሕዝብ ዘንድ እጅግ ከተወደደ አንጋፋ ጋራ በሚነጻጸርበት ጊዜ ፍርዱ እንዴት ሊሰጥ ይገባዋል የሚለውን ነገር የሚመለከት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ጠልቆ ለተመለከተው ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። በመምህርና በተማሪ፣ በአባትና በልጅ፣ በነባር ሠራተኛና በአዲስ ገቢ መካከል በየቀኑ የሚሰጥ ፍርድ ነውና። ይህ ፍርድ ሲጣመም የሚጎዳው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ልጅ ልትጠቀም ትችል የነበረችውም አገር ትጎዳለች።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውኃ፣ በሽንፋና በቋራ የሚኖረው ገበሬ ይህን ፍርድ ከሥራው ተምሮታል። ያለፈው ዓመት ሰሊጥ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ተራግፎ፣ በጆንያ ገብቶ በኩንታል ተመዝኗል። የዘንድሮው ግን በነሐሴ ገና በአበባ ላይ ነው። አስተዋይ ገበሬ አበባውንና ጆንያውን በአንድ ሚዛን ላይ አያስቀምጥም፤ «አምና በዚህ ወቅት ማሳው ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። እንደዚሁም አበባው ስላማረ ብቻ ያልታጨደውን ምርት እንደ ተሸጠ አይቆጥርም፤ ዝናሙ ሊበዛ፣ ተባይ ሊነሣ፣ አጨዳውም ዘግይቶ ፍሬው ማሳው ላይ ሊረግፍ ይችላልና። ጀማሪን አለመናቅና ጀማሪን ያለ ጊዜው አለማንገሥ፣ እነዚህ ሁለት ጥንቃቄዎች የንግግራችን መሠረት ናቸው።

ለዚህ ነገር ከአገራችን የእስፖርት ታሪክ ውስጥ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴና ከቀነኒሳ በቀለ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) የአሰላው ልጅ ኃይሌ በ10,000 ሜትር በ1985፣ በ1987፣ በ1989 እና በ1991 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 በአትላንታ፣ በመስከረም 1993 ደግሞ በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። በሲድኒ የኬንያውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነበር። ያን ውድድር የተመለከተ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ስለ ነበር፣ ኃይሌን ከራሱ ቤተ ሰብ እንደ አንዱ አድርጎ ቢወደው የሚያስደንቅ አይደለም።

እንዲህ ባለው ፍቅር መካከል ነው እንግዲህ የበቆጂው ወጣት ቀነኒሳ በቀለ ብቅ ያለው። ነሐሴ 18 ቀን 1995 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ49.57 ሴኮንድ ፈጸመ። ኃይሌ በ26 ደቂቃ ከ50.77 ሴኮንድ ተከተለው፤ ስለሺ ስኅንም ሦስተኛ ሆነ። ሦስቱም ሜዳሊያዎች ለኢትዮጵያ ሆኑ። ሆኖም የብዙ ሰው ደስታ ከኀዘን ጋራ የተደባለቀ ነበር፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም የገዛ ልጁ ነበርና።

በእንደዚህ ያለ ቀን የሰው ፍርድ በሁለት በኩል ይሳሳታል። አንዱ ወገን ለአንጋፋው ካለው ፍቅር የተነሣ «ዕድል ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን አይቀድመውም ነበር» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በአዲሱ ነገር ተማርኮ «ያኛው አልቆለታል» ይላል። ሁለቱም ሳይመዝኑ የተናገሩ ናቸው። ታዲያ ትክክለኛው ሚዛን የትኛው ነው?

አንደኛ፤ ዕድሜን በዕድሜ መመዘን ይገባል። የ21 ዓመቱን ቀነኒሳን ስድስት ታላላቅ ወርቆች ከሰበሰበው ከ30 ዓመቱ ኃይሌ ጋራ ማነጻጸር አበባውን ከጆንያው ጋራ መመዘን ነው። መጠየቅ የሚገባው «ኃይሌ በዚያ ዕድሜው ምን ሠርቶ ነበር?» ተብሎ ነው። ኃይሌ በ20 ዓመቱ በ1985 በሽቱትጋርት በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አገኘ። ቀነኒሳም በ21 ዓመቱ በፓሪስ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አዲሱ ልጅ ከአንጋፋው የጥንት እርምጃ እንደማያንስ ስሜት ሳይገባበት ይታያል።

ሁለተኛ፤ በአንድ ቀን ድል ወይም በአንድ ቀን ሽንፈት መፍረድ አይገባም። ቀነኒሳ በፓሪስ ያሸነፈው ድንገት አልነበረም፤ በ1994 እና በ1995 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአጭሩም በረጅሙም ርቀት አከታትሎ አሸንፎ ነበር። ከፓሪስም በፊት በግንቦት 1995 በሆላንድ አገር በሄንግሎ ከተማ ኃይሌን ቀድሞታል። እነዚህን ሁሉ የተከታተለ ሰው የፓሪሱ ውጤት ሲነገረው አይደነግጥም።

በአንድ ቀን ሽንፈት ያለመፍረድን ነገር ደግሞ የቋራ ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በዚያ ቆላ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ ተንቀዋል። በ1840 ወደ ሱዳን በኩል ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብጾች ጦር ጋራ ገጥመው ተሸንፈዋል። በዚያን ዕለት የፈረደባቸው ሰው ቢኖር ምን ያህል በተሳሳተ! በሰባተኛው ዓመት፣ በየካቲት 1847፣ በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፍተዋልና።

ሦስተኛ፤ ሰውን በሥራው ጠባይና በቦታው ሁኔታ መመዘን ይገባል። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው፤ መተማ ግን 1,000 ሜትር የማይሞላ ቆላ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ወር በመተማ ሜዳ ላይ ረጅም ርቀት የሮጠ ተማሪ የሰዓት ውጤቱ ከደጋው ልጅ ቢዘገይ፣ ስንፍናው ነው ብሎ መፍረድ የአየሩን ኃይል አለማወቅ ነው።

ምናልባትም የቆላው ልጅ ስጦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሱዳን ወገን የመጣውን የቅርጫት ኳስ ታሪክ እንመልከት። ከደቡብ ሱዳን ምድር የተወለደው ማኑት ቦል ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ነበር። በ1978 ወደ አሜሪካ የሙያ ተጫዋቾች ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት 397 ኳሶችን ወደ ቅርጫቱ ሲወረወሩ በእጁ መልሷል። ኳስ በማግባት ግን የታወቀ አልነበረም። ያገኘውን ገንዘብ በጦርነት ለተጎዳው ወገኑ ስለ ሰጠ፣ በ2002 እስኪሞት ድረስና ከዚያም በኋላ በሕዝቡ ዘንድ እንደ ተወደደ ኖረ። ዛሬ በዚያው በመሐል ተጫዋችነት ቦታ ካማን ማሉዋክ የሚባል 2 ሜትር ከ18 የሚሆን ወጣት ተነሥቷል። በሐምሌ 2016 ደቡብ ሱዳን በኦሊምፒክ የቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጫወት ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በሰኔ 2017 በአሜሪካ ሊግ የወጣቶች ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ።

ይህን ወጣት «እንደ ማኑት 397 ኳስ መልስ» ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይደለም። የመሐል ተጫዋች ሥራ ብዙ ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር መከላከል፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ መልቀም፣ ለጓደኛው መንገድ መክፈት፣ ጥፋት ሳይበዛበት እስከ መጨረሻው መቆየት ሁሉ የእርሱ ነው። ቁመት ከእናት ማሕፀን የሚገኝ ስጦታ ሲሆን፣ የእግር ቅልጥፍናና የቦታ አያያዝ ግን በትምህርት የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ጀማሪ የመሐል ተጫዋች ሲታይ መጠየቅ ያለበት ዛሬ ምን ያህል ያውቃል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ከስድስት ወር በፊት ከነበረበት ምን ያህል ተራምዷል ተብሎም ነው።

አራተኛ፤ ተስፋ ሁሉ እንደማይፈጸም ማወቅ ይገባል። በፓሪስ ሦስተኛ የወጣው ስለሺ ስኅን ያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ በ1996 በአቴና፣ በ2000 ደግሞ በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ሆኖ ብር ተሸለመ፤ በዓለም ሻምፒዮናም እንዲሁ ደጋግሞ ብር አገኘ። የኦሊምፒክም ሆነ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ግን አላገኘም። ታዲያ ስለሺ ወደቀ ይባላልን? አይባልም! በዓለም ላይ በርሱ ፊት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወጣትን «አንተ ሁለተኛው ኃይሌ ነህ» ብለን ብናሸክመው፣ የሚያኮራ ሥራ ሠርቶ እንኳ እንደ ተሸናፊ አንገቱን እንዲደፋ እናደርገዋለን።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ለአንጋፋው ያለንን ፍቅር የሚመለከት ነው። ፍቅር ሚዛን አይሆንም፤ ነገር ግን ከሚዛኑ ውጭ የራሱ የከበረ ቦታ አለው። ነሐሴ 14 ቀን 1996 በአቴና ኦሊምፒክ ኃይሌ ተረከዙ አጠገብ ያለው ጅማት ታሞ ሳለ ተሰልፎ ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየተመለከቱ፣ ኃይሌ እንዲደርስባቸው ሩጫቸውን ቀዝቀዝ ሲያደርጉ ዓለም አይቷል። ሊደርስባቸው አለመቻሉን በተረዱ ጊዜ ግን የአገራቸውን ድል አሳልፈው አልሰጡም፤ ፈጥነው ሮጠው አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። አንጋፋውን አከበሩ፤ ሥራቸውንም ፈጸሙ። ክብርና እውነት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ፍጻሜውንም ዘመን አሳይቶናል። ቀነኒሳ የኃይሌን የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ1996 ሰበረ፤ በነሐሴ 1997 ደግሞ ወደ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ አወረደው። ይህም የኡጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በመስከረም 2013 እስኪያሻሽለው ድረስ ለ15 ዓመት ጸና። ቀነኒሳ በ10,000 ሜትር ያገኛቸው የዓለም ሻምፒዮና ወርቆች ሲቆጠሩ አራት፣ የኦሊምፒክ ወርቆቹም ሁለት ሆኑ፤ በትክክል የኃይሌን ያህል። «አልቆለታል» የተባለው ኃይሌ በበኩሉ ወደ ማራቶን ተሻግሮ በመስከረም 2000 እና በመስከረም 2001 በበርሊን ሁለት ጊዜ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሁለተኛው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ነበር። እነሆ፣ ሁለቱም ወገን ፈራጆች ተሳስተው ተገኙ።

ዛሬ ደግሞ አንጋፋው ራሱ ቀነኒሳ ነው። በ2016 በ42 ዓመቱ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ 39ኛ ወጣ። የዚያን ቀን ወርቅ ያገኘው በመጀመሪያ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረውና ጉዳት በደረሰበት በሲሳይ ለማ ፈንታ የገባው ታምራት ቶላ ነው። ተጠባባቂ ተብሎ ከዳር የተቀመጠውን ሰው በንቀት ማየት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በመተማም ሆነ በቋራ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ አንድ የተወደደ አንጋፋ ተጫዋች፣ ከጎኑም ቁመቱ ያደገ፣ እጁ ግን ገና ያልለመደ አንድ የ16 ዓመት ልጅ አይታጣም። ልጁ ኳሱ ከእጁ ባመለጠ ቁጥር «የእገሌን ያህል አትሆንም» የሚል ቃል ከዳር ከተወረወረበት፣ አንድ ቀን ከሜዳው ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። የቀረው ልጅ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ማንም አያውቅም፤ ጉዳቱም በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም።

ስለዚህ መምህራንና አሠልጣኞች የልጁን ዕድሜ፣ የጀመረበትን ጊዜና በየወሩ ያሳየውን ለውጥ በደብተር ቢይዙ መልካም ነው፤ ፍርዳቸው በስሜት ላይ ሳይሆን በጽሑፍ ላይ ይቆማልና። አንጋፋውም ቦታው እንደሚወሰድበት ጠላት ሳይሆን፣ ያወቀውን እንደሚያወርሰው ታናሽ ወንድም ልጁን ይመልከተው። ተመልካቹም ለአንዱ ያለውን ፍቅር ሳይቀንስ ለሌላው ጊዜ ይስጠው። አንጋፋውን የምናከብረው ስለ ሠራው ሥራ ነው፤ ጀማሪውን የምንታገሠው ስለሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ትናንትም ዛሬም ጀግና አያጣም።