ከመንደርደሪያው ጫፍ ወዲያ ያለው መሬት



አይሮፕላን ሲያርፍ ጎማው መሬት የነካ እንደ ሆነ፣ አደጋው ሁሉ ያለፈ ይመስለንና ዕቃችንን ለመሰብሰብ እንቸኩላለን። ዳሩ ግን ከባዱ ሥራ በዚያች ሰዓት ገና መጀመሩ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ፍሬን እምቢ ባለ ጊዜ ሰውን ስለሚያድነው ባዶ መሬት ነው።

አንዲት ትንሽ ጄት ስታርፍ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። አብራሪው ፍሬኑን ሲረግጥ በቧንቧ ውስጥ የታመቀው ዘይት ፍሬኑን ከመንኰራኵሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ የሩጫውም ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ቢፈስስ ወይም ግፊቱ ቢጎድል ግን ፍሬኑ አይዝም። ስለዚህ በብዙ ትንንሽ ጄቶች ውስጥ ለክፉ ቀን የሚሆን የታመቀ ጋዝ ይቀመጣል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነውና፣ በዚህ ጊዜ የምትባክን እያንዳንዷ ሰከንድ ብዙ መሬት ትበላለች።

አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ኪ ዌስት የምትባል ደሴት አለች። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ቀን አንዲት ትንሽ ጄት በዚያ አርፋ ሳትቆም ቀረችና ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፋ ሄደች። በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 23፣ 5 ሰዎች የያዘች ሌላ ትንሽ ጄት በዚያው ሜዳ ፍሬን አጥታ ጫፉን አለፈች። ይህችኛይቱን ግን አንድ የተለየ ነገር ጠበቃት። ከጫፉ ወዲያ የአየር ቀዳዳ የበዛበት፣ በቀላሉ የሚሰባበር የሲሚንቶ ንጣፍ ተዘርግቶ ነበር። መንኰራኵሮቹ ንጣፉን እየሰባበሩ ሰመጡ፤ አይሮፕላኒቱም እንደ ለስላሳ አሸዋ ይዟት ቆመች።

ይህ ንጣፍ መጀመሪያ የተዘረጋው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1996 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። በሰዓት እስከ 130 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከጫፍ የሚወጣ አይሮፕላን እንዲያቆም ሆኖ ይሠራል።

ባዶ መሬትም ንጣፍም በሌለበት የሚሆነውን ቺካጎ በ1998 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን አየችው። በሚድዌይ አይሮፕላን ማረፊያ፣ በበረዶ ቀን፣ አንድ መንገደኞች የያዘ ጄት መቆም ተሳነውና አጥሩን ጥሶ ከከተማው መንገድ ወጣ። በአይሮፕላኑ ውስጥ ካሉት የሞተ አልነበረም። በመንገድ ላይ በመኪና ይሄድ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ግን ሞተ። ንጣፉ በሚድዌይ የተዘረጋው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለትልልቅ መንደርደሪያዎች ያወጣው ደንብ፣ ከጫፉ ወዲያ ካለው 60 ሜትር ቀጥሎ ቢያንስ 90 ሜትር የደኅንነት ሜዳ እንዲኖር ያዝዛል፤ 240 ሜትር ቢሆን ግን ይመረጣል ይላል።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህ ነገር የአብራሪና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተማ ሲያድግ መሬት ይወደዳል። በመንደርደሪያው ጫፍ የተኛው ሜዳ በካርታ ላይ ሲታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። አንዱ ለመጋዘን፣ ሌላው ለመንገድ ይጠይቀዋል። ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ያን መሬት የሚጠብቀው ደንቡን አውቆ «አይቻልም» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሹም ነው። ሜዳው ለዓመታት ምንም ሳይሆንበት ይኖራል፤ ስለዚህ ሹሙን የሚያመሰግነው አይገኝም። ነገር ግን ፍሬን አንድ ቀን እምቢ ማለቱ አይቀርም፤ በዚያች ቀን በሜዳው ላይ የሚቆመው አይሮፕላን በመንገዱ ላይ የሚሄደውን ሕፃን ሳይነካ ይቀራል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤታችን ሥራ የፈታ የሚመስል መጠባበቂያ ባየን ጊዜ፣ «ይህ ምን ይጠቅማል?» ከማለታችን በፊት «ይህ የተቀመጠው ለየትኛው ክፉ ቀን ነው?» ብለን እንጠይቅ።