የትክል ድንጋዮቻችን ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር)



ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ተጉዘን ጌዴኦ ምድር ስንደርስ እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች እናያለን። በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከ1000 በላይ ይቆጠራሉ። በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ከነድንጋዮቹ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን «መቼ ተተከሉ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም።

አንደኛ፣ ዓለቱ ከሰው አስቀድሞ የነበረ ስለ ሆነ የእርሱ ዕድሜ የጠራቢውን ዘመን አይነግረንም። የንጉሥ ስም ወይም ዓመተ ምሕረትም አልተጻፈበትም።

ሁለተኛ፣ መልክን አይቶ መፍረድ ያሳስታል። በቱቶ ፈላ በተደረገው ቁፋሮ፣ ቀድሞ በሌላ ቅርጽ የተጠረቡ ድንጋዮች ኋላ የሰው መልክ ተቀርጾባቸው እንደ ገና መተከላቸው ታውቋል። እንዲህ ያለው ችግር በሌላም አገር አለ። በቻይና ከ960 እስከ 1279 (እ.ኤ.አ.) በነገሠው በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን አንጥረኞች ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩትን የነሐስ ዕቃዎች አስመስለው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው ዘመኑን ይስታል።

ታዲያ ሊቃውንቱ ምን ያደርጋሉ? ከድንጋዩ ሥር ያለውን አፈር ይመረምራሉ። በመትከያው ጉድጓድ የተገኘ ከሰል በሬዲዮካርቦን ሲለካ፣ እንጨቱ በሕይወት የነበረበትን ዘመን በግምት ያሳያል። ሆኖም ከሰሉ ከቀድሞ እሳት የተረፈ፣ ወይም በአይጥ ጉድጓድ ኋላ የገባ ሊሆን ስለሚችል አንድ ናሙና ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በሳካሮ ሶዶ ያሉት ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከ50 እስከ 100 ባለው ጊዜ እንደ ተተከሉ አመለከተ። ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በ1000 ዓመት ያህል ይቀድማል።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፣ የድንጋዩን ዘመን የሚመሰክረው ከእግሩ በታች ያለው አፈር ነው። ድንጋዩን ነቅለን ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ብናውለው፣ ወይም ለጌጥ ብለን በደጃችን ብናቆመው፣ ድንጋዩ ቢተርፍም ታሪኩ ይጠፋል። ለክብር ብለንም ያልተረጋገጠ ዘመን አንጨምርለት፤ እውነተኛው ዕድሜው ይበቃዋል። ለጉብኝት የምንሄድ ተማሪዎችም ከሥሩ አፈር አንጫር፣ የወደቀውንም ለማቅናት አንሞክር። ወላጆቻችንም የእርሻ ድንበር ሲያበጁ ይህን እንዲያስቡልን በትሕትና እንለምናለን።