ሐላሉ ለልጃችን ጠይብ ነውን?
(ከሬዲዮ ፕሮግራማችን የቤተሰብ ዝግጅት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ወጋችን ስለ ጓዳችንና ስለ ልጆቻችን ሳህን ነው። ያነሳነውም በራሳችን ላይ ስለደረሰ ነው። የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው። በአንድ የዒድ ቀን ጎረቤት ልንዘይር ገብተን ሳለ የሦስት ዓመት ልጃችን ከቀረበው ቆሎ ውስጥ ጥቂት ኦቾሎኒ ለቅሞ በላ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው ላይ ሽፍታ ወጣ፣ ያስለው ጀመር፣ አስታወከ። «ዐይን ነው! አምሮበት ስለመጣ ነው!» ተባለ። አንዷ ውሃ ላይ ትቀራለች፣ ሌላዋ ወተት አምጡ ትላለች፤ እኛም ፈዘን ቆመናል። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸውና አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ቁርኣኑን መኪና ውስጥ ትቀራላችሁ፤ ልጁን አንሱ!» ብለው ተቆጡን። ጤና ጣቢያ እንደደረስን መርፌ ተወጋ፤ አልሐምዱሊላህ ተረፈ። የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለበት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ቤት ስንመለስ አያቱ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ሐላል ምግብ ነው፤ እንዴት ልጅ ይጎዳል?» ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሰዎች በምድር ካለው ሐላልና ጠይብ የሆነውን እንዲበሉ አዟል። ልብ በሉ፤ ቃሉ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ጠይብ ማለት መልካም፣ ንጹሕ፣ አካልን የማይጎዳ መሆኑን ዑለማዎች አብራርተዋል። ኦቾሎኒ ሐላል ነው፤ ማንም ሐራም ሊለው አይችልም። ለዚያ ልጅ አካል ግን ጎጂ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦላቸው በአገራቸው ያልለመዱት በመሆኑ ሳይበሉት ቀሩ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ግን ፊታቸው በላ፤ አልከለከሉትም። እንግዲህ አንዱ የሚተወውን ሌላው ቢበላ፣ ለሚተወውም «አልበላም» ማለት ነውር አይደለም።

አለርጂ የሰውነት መከላከያ ኃይል የማይጎዳውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚመጣ ችግር ነው። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚያስነሱት የላም ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥና ዓሣ ናቸው። «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ብዙ የኮልፌ ቤተሰብ ዘመድ ባለበት በቡታጅራ እ.ኤ.አ ከ2005 ጀምሮ የአዲስ አበባና የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1000 በላይ ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግበው፣ የልጆቻቸውን የቆዳ ችፌና የትንፋሽ ማፏጨት ለዓመታት ተከታትለዋል። ሁለቱም የአለርጂ ዘመዶች ናቸው። ነገሩ እኛም መንደር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ፈርተን ሁሉንም ምግብ እንከልክል? በፍጹም! ለንደን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ለአለርጂ የተጋለጡ 640 ሕፃናትን ተከታትሎ፣ ኦቾሎኒ በጊዜ የቀመሱት ከተከለከሉት ይልቅ በእጅጉ ከአለርጂው መዳናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ጤነኛ ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው፣ ከጡት ጋር፣ እንቁላሉንም የላመ ኦቾሎኒውንም በጥቂቱ ይጀምር። ከባድ ችፌ ያለበት ወይም አንድ ምግብ አስቀድሞ ያሳበጠው ልጅ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ችፌው ለቆየበት ልጅ በክፍለ ከተማችን ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን እናርም። ለሕፃን አጥሚት ስናዘጋጅ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ አጃውን፣ አኩሪ አተሩን፣ ኦቾሎኒውን አንድ ላይ አስፈጭተን «ምጥን» እንላለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ልጁ ቢያብጥ ግን የትኛው እንደጎዳው በምን እናውቃለን? አንድ አዲስ እህል እናስጀምር፣ ሁለት ሦስት ቀን እንይ፣ ከዚያ ሌላውን እንጨምር። ሁሉም ከተስማማው በኋላ ምጥኑ ይቀጥል።

አላህ ለአገራችን የሰጠው ጸጋ ብዙ ነው። ጤፍ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የለውም። ነገር ግን ገበያ ላይ ያለው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ያው ነው። ወፍጮ ቤትም ከእኛ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ ቅሪቱ ከእኛ ዱቄት ጋር ይወጣል። ባለወፍጮውን «ከጤፍ በኋላ አስገባልን» ብለን እንለምነው፤ መጀመሪያ የሚወጣውንም ዱቄት ለአዋቂዎች እንለየው። አብሽም ከኦቾሎኒ ጋር የሚዛመድ ስለሆነ፣ ኦቾሎኒ የሚጎዳው ልጅ ሐኪም ሳይጠየቅለት አብሽ አይቅመስ። የፍየል ወተትም ለላም ወተት አለርጂ መድኃኒት አይደለም፤ ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ የላሙ የጎዳውን የፍየሉም ይጎዳዋል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንምጣ። ሦስት ነገር እንንገራችሁ፤ ሦስቱም ስንዴ፣ ወተት፣ እንቁላልና ኦቾሎኒ የለባቸውም።

አንደኛ፣ የጤፍና የሙዝ ቂጣ። ሁለት በደንብ የበሰለ ሙዝ በሹካ እንፈጫለን። አንድ ብርጭቆ የጤፍ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨውና ሊጡን የሚያላላ ውሃ እንጨምራለን። ዘይት በተቀባ መጥበሻ ላይ ትንንሽ እያደረግን በመጠነኛ እሳት ሁለቱንም ጎን እናበስላለን። ስኳር አያስፈልገውም፤ በማግስቱ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃም ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የቡላ ገንፎ። ቡላውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን፣ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልን እናበስላለን። በቅቤ ፋንታ ዘይት እናድርግበት፤ ንጥር ቅቤ ውስጥ የወተት ቅሪት አይጠፋምና። ቡላ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ ምግብ አይደለም፤ ስለዚህ ምስር ወይም ሥጋ አብሮት ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ለረመዳን ኢፍጣር የድንች ድቡልቡል። ሳምቡሳ ሲጠበስ ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ አንጀት ይበላል። ድንች ቀቅለን እንፈጭና፣ በሽንኩርት ደርቆ የበሰለ ምስር መሐሉ እንከትበታለን። አድቦልቡለን፣ የጤፍ ዱቄት ላይ አንከባለን፣ በአዲስ ዘይት እንጠብሳለን። ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት ግን ስንዴ ለሚጎዳው ልጅ አይሆንም።

ለመክሰስም የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ፍሬው የወጣለት ተምር አለን። ደረቅ ቆሎና ፈንድሻ ግን አለርጂ ባይኖርም ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ያንቃል። ደግሞም በግምት ብቻ ሦስት አራት ምግብ አንከልክል፤ ልጁ ከአለርጂው ይልቅ በምግብ እጥረት ይጎዳል። ወተት የሚተው ልጅ በምን እንደሚተካለት ሐኪም ይንገረን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከሁሉ የከበደን ግን ምግቡ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ልጃችን ለብቻው በትንሽ ሳህን ሲበላ እንግዳ መሰለ። ኋላ ላይ ተመካከርንና የቤቱን ማዕድ ለወጥነው፤ ኦቾሎኒው ከቤት ወጣ፣ ሁላችንም በአንድ ትሪ ከእሱ ጋር በላን። አያቱም ዛሬ ለልጁ ከማጉረሳቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እንግዳ ሲያጎርሰውም «ቆይ፣ ምን አለበት?» የሚሉት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻችን ሆይ! የሰው ልጅ ከማጉረሳችሁ በፊት እናቱን ጠይቁ። «አይሆንለትም» ስትል አትቀየሟት፤ ኮርታ አይደለም፣ አማና ጠብቃ ነው።

በመጨረሻም ይህን ያዙ። ልጅ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካፏጨ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ከዛለ፣ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ። ሕይወት የሚያድነው ጤና ተቋም ያለው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ወደ 907 ወይም 939 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ሂዱ። ዐይን እውነት መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መውረዱንም የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሩቅያውና መርፌው አይጣሉም። መንገድ ላይ እየቀራን እንሂድ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ማዕዳችንንም ሐላልና ጠይብ ያድርግልን። አሚን።