ከቦሌ እስከ አዋሽ፤ የበረሃ የሽርሽር ጉዞን ስለ ማቀድ
(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)




በየመሥሪያ ቤቱ በየጊዜው አንድ ትንሽ ኮሚቴ ይቋቋማል። ተግባሩ ድልድይ መንደፍ ወይም የሕንፃ መሠረት ማስላት ሳይሆን፣ ሠራተኛው ሁለት ቀን ወጣ ብሎ የሚያርፍበትን ጉዞ ማሰናዳት ነው። ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙውን ጊዜ ለወጣቱ መሐንዲስ ይሰጣል። ለድልድዩ ሦስት ወር የሚያስብ ባለሙያ ለጉዞው ግማሽ ቀን ይበቃል ብሎ ይገምታል። ሆኖም ድልድዩም አውቶቡሱም የሚሸከሙት ያንኑ የሰው ሕይወት ነው።

ለምሳሌ ያህል ጉዞው ከቦሌ ወደ አዋሽ በረሃ፣ ተጓዡ ሠላሳ ሰው፣ ጊዜውም ሁለት ቀን ነው እንበል። የወጣቱ መሐንዲስ የመጀመሪያ ረቂቅ የሚከተለውን ይመስላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብ መሰባሰብ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት አዋሽ ላይ ምሳ፤ ከምሳ በኋላ በፍል ውኃ መታጠብ፤ ማታ ጭፈራ፤ በማግሥቱ ቀትር ላይ የዱር አራዊት ጉብኝት፤ ሲመሽ ወደ አዲስ አበባ መመለስ። ሒሳቡ ተደምሯል፤ ሠንጠረዡም አምሯል። ረቂቁን ያነበቡ አንድ አዛውንት ባልደረባ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የሚደክመው ማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ወጣቱም «ጋሼ፣ እሱን አላሰላሁትም» ከማለት በቀር መልስ አይኖረውም። የዛሬው ንግግር ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

በመጀመሪያ የዓለምን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። በሌላው ዓለም ሰው ለመዝናናት ወደ በረሃ ከሚሄድባቸው ምክንያቶች አንዱ የጎልፍ ጨዋታ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ተዘርግቶ ኖሯል፤ እዚያ ሣሩን የደጋው ክረምት ያበቅለዋል። በበረሃ ግን ሣሩ የሚበቅለው በቧንቧ ነው። ከቦሌ የአራት ሰዓት ያህል በረራ በሆነችው በዱባይ የመጀመሪያው ባለ ሣር የጎልፍ ሜዳ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ነው። በዚያ አገር የሜዳዎቹ ልምላሜ የሚጠበቀው ጨው ተለይቶለት ወይም ከከተማ ፍሳሽ ተጣርቶ በሚቀርብ ውኃ ነው። በካሊፎርኒያም ፓልም ስፕሪንግስ በሚገኝበት በኮቼላ ሸለቆ ከመቶ በላይ የጎልፍ ሜዳዎች ሲኖሩ፣ ውኃቸው ከከርሠ ምድር ወይም ከኮሎራዶ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ የሚመጣ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች በሙቀቱ ወራት ጨዋታ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታም ይጠናቀቃል። የዕቅዱ መነሻ ሰዓቱና ውኃው ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእነዚህ ሁለቱ ይገዛል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የአዋሽ ከተማ ከፍታ ግን ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ፣ የ1,300 ሜትሩ ልዩነት ብቻውን 8.5 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ቦሌ 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን አዋሽ ከ32 ዲግሪ ያላነሰ ይጠበቃል ማለት ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከዚህም ይብሳል። ለሽርሽር የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የሰው አካል ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። የሁለት ቀን ተጓዥ ለመልመድ ጊዜ አያገኝም። ደጋ ለብሶ፣ ደጋ በልቶ፣ በደጋ ደሙ ቆላ ይገባል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ። ስለዚህ ተጓዦች ሲመዘገቡ ስም ብቻ ሳይሆን ዕድሜና፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ጭምር በምስጢር ተይዞ መመዝገብ ይኖርበታል። የአዋሽ ሸለቆ ወባማ በመሆኑም የአጎበርና የመከላከያው ጉዳይ ከመነሣት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ሊመከርበት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጠጥ ውኃ ስሌት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢያዝ፣ ለሠላሳ ሰው በሁለት ቀን 300 ሊትር ይሆናል። መሐንዲስ ያለ መጠባበቂያ ስለማያሰላ፣ ሩብ ያህል ተጨምሮበት 375 ሊትር ይደርሳል። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲመነዘር 19 ጀሪካን ነው። ክብደቱ ከአምስት ሰዎች ስለማያንስ ከአውቶቡሱ ጭነት ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ውኃው በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይቀመጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው እንዲተርፍ በሁለት ወገን ይከፈላል። ኦ.አር.ኤስ. እየተባለ የሚጠራው የጨውና የስኳር ድብልቅም ከጀሪካኑ ጎን ቦታ ይያዝለት።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የመጀመሪያው ረቂቅ ስሕተት ይገለጣል። ተጓዡን በ8 ሰዓት አዋሽ ማድረስ፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ከአውቶቡስ አውርዶ ወደ ሙቅ ውኃ መክተት ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል በዘንባባ ተከቦ የሚታየው ፍል ውኃ ዓይን የሚማርክ ቢሆንም፣ በቀትር የሞቀን ገላ የሚያበርድ አይደለም። የፍል ውኃው ደስታ ለጠዋትና ለማታ ሊቀመጥ ይገባዋል። የዱር አራዊትም ቢሆኑ ከሰው ይልቅ ሰዓት ያውቃሉ፤ ሳላው በቀትር ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ በጠዋትና ወደ ማታ ግን በሜዳው ላይ ሲግጥ ይታያል። ቀትር ላይ አራዊት ለማየት የወጣ ሰው የሚያየው የአውቶቡሱን አቧራ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ መንገዱ ነው። ከቦሌ በጎሮ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጥቶ፣ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በተመረቀው 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የፍጥነት መንገድ አዳማ መድረስ ቀላል ነው። አደጋው ከቅለቱ ይመጣል። የላላ ወይም ያረጀ ጎማ በፍጥነትና በሙቀት ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ንፋሱ ከመነሣት በፊት ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሊለካ፣ መለዋወጫ ጎማውም እንደዚሁ ሊታይ ይገባል። ራዲያተሩ ደግሞ የሚፈተነው በመልሱ ነው፤ ሞተሩ በቆላ ሙቀት ግሎ ያንን 1,300 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ከአዳማ ወዲያ መንገዱ የጅቡቲ ወደብ መንገድ ስለሆነ ከባድ የጭነት መኪና ይበዛበታል። ሲመሽም ግመልና ከብት ያቋርጡታል።

የቀድሞዎቹ የምድር ባቡር ሰዎች ይህን አስቀድመው ተረድተውት ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ፣ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ጉዞውን በሦስት ቀን ይፈጽም ነበር። ዝግታው ዛሬ ያስቅ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ሰውም ባቡርም የሚያርፉበት ስፍራ በዕቅዱ ውስጥ ነበራቸው።

አሁን የአዛውንቱን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። መጀመሪያ የሚደክመው ሾፌሩ ነው። ሌላው ሲተኛ እሱ ይነዳል፤ ሌላው ሲታጠብ እሱ ጎማ ያያል፤ ሌላው ሲጨፍር እሱ መኪና ይጠብቃል። የመኝታ ክፍል ሲደለደል ብዙ ጊዜ ስሙ ይረሳና በመቀመጫው ላይ ተጣጥፎ ያድራል። በማግሥቱ ማታ ግን የሠላሳ ሰው ሕይወት በእሱ ዓይን ሽፋሽፍት ላይ ይንጠለጠላል። ኮሚቴው ከሾፌሩ ጋር ሳይመክር ያወጣው ዕቅድ፣ የአፈሩ ጠባይ ሳይጠና የተሠራ መሠረት ማለት ነው። ስለሆነም ከሁሉ በፊት ለሾፌሩ አልጋ፣ በሰዓቱ ምግብ፣ ሙሉ የሌሊት ዕረፍት፣ ከዚህም ሁሉ በላይ «ደክሞኛል፣ አልነዳም» የማለት መብት ሊሰጠው ይገባል። ጉዞውን የማቋረጥ ሥልጣን ያለው አንድ ሰውም ከመነሻው ተለይቶ ይታወቅ፤ ሁሉም አዛዥ በሆነበት አውቶቡስ «በቃ፣ እንመለስ» የሚል አይገኝም።

አራተኛው ጉዳይ የባለ አገሩ ነው። በረሃ ባዶ ስፍራ የሚመስለው ለማያውቀው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች አገር ነው። ፓርኩና የመተሐራው የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲቋቋሙ ከብቶቻቸው በበጋ ይግጡበት የነበረው መሬት ጠቧቸዋል። እንግዳ የሚፎክርበት ውኃ ለእነርሱ የከብት ነፍስ ነው። ከብት በሚጠጣበት ምንጭ ሳሙና መድፋት፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቆሻሻን ጥሎ መሄድ ከነውርም በላይ ጉዳት ነው።

ምድሩም ራሱ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ መንገዱንና ሐዲዱን በመፈታተኑ መንገዱን ከፍ ማድረግ አስፈልጓል። ለመስፋቱም ተመራማሪዎች ከመስኖ እርሻ የሚሰርገውን ውኃና የከርሠ ምድሩን ለውጥ በምክንያትነት ያነሣሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ መሬት ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብም ከቀዬው ተነሣ። ንዝረቱ በአዲስ አበባ ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ሳይቀር ተሰምቷል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሠራበትን ዕቅድ ዘንድሮ ገልብጦ መጠቀም አይገባም። የአካባቢውን አስተዳደርና የፓርኩን ሠራተኞች ከጉዞው ሳምንት በፊት፣ እንደገናም በዋዜማው መጠየቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተስተካከለው ዕቅድ ይህን ይመስላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቦሌ መነሣት፤ አዳማ ላይ ቁርስና የጎማ ፍተሻ፤ እስከ 5 ሰዓት አዋሽ ደርሶ በጥላ ሥር ማረፍ፤ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የአራዊት ጉብኝት፤ በጊዜ መተኛት። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ፍል ውኃውን ወይም የአዋሽን ፏፏቴ ማየት፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል መነሣት፤ አዳማ ላይ ምሳ በልቶ ማረፍ፤ ሳይመሽ ቦሌ መግባት። ልጆችና አረጋውያን የሚበዙበት ቡድን ከሆነ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው፣ አየሯም ከአዋሽ በሚቀዘቅዘው በሶደሬ ቢወሰን ይሻላል። ይህ ዕቅድ ከፊተኛው ያነሰ ነገር ያሳያል፤ የሄደውን ሰው ሁሉ ግን በጤና ለመመለስ የታሰበ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ይታከል። የቀበና ወንዝና ሌሎች የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ አቃቂም ከአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። ከቦሌ የሚነሣው መንገደኛ አውቶቡሱ ላይ ሳይሳፈር በፊት፣ የከተማው ፍሳሽ መንገዱን ጀምሯል። በበረሃው ዳር አዋሽን የሚጠጣው ሕፃንም ሆነ ግመል የሚቀበለው የላይኛው አገር የላከለትን ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ የሚደክመው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሁለት ቀን ሽርሽር ብቻ ሳይሆን፣ የማኅበሩ አባላት በዓመቱ ውስጥ በሚነድፉት የፍሳሽ መስመርና የሕንፃ ፕላን ሁሉ ላይ ሊነሣ የሚገባው ነው።