ጠገራ ብርን አይቶ ስለ ማወቅ



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የመረጥሁት ነገር ትንሽ ነው፤ በመዳፍ ውስጥ ይገባል። ይኸውም አባቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ እያሉ የሚጠሩት ገንዘብ ነው።

የአያቴ አባት የጣናን ሐይቅ በታንኳ እየተሻገሩ የዘጌን ቡና ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ከዚያ ንግድ የተረፉ አምስት ጠገራ ብሮች ለአያቴ ደርሰው፥ በጨርቅ ተቋጥረው በሙዳይ ውስጥ ይኖሩ ነበር። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የላቲንን ፊደል ገና በልጅነቴ ስለ ለየሁ፥ በብሩ ላይ 1780 የሚለውን አንብቤ «ይህ ብር ከ240 ዓመት በላይ የኖረ ነው» እያልሁ በዘመድ ሁሉ ፊት እኩራራ ነበር።

ባለፈው ክረምት የቤታችን ቆርቆሮ ዝጎ ማፍሰስ ሲጀምር፥ አያቴ ብሮቹን ለመሸጥ ቈረጡ። አንድ ገዢ መጣ። እኔም ያንኑ ቃሌን ደገምሁለት፤ ሰውየውም በቃሌ ተማምኖ ጥሩ ዋጋ ተናገረና ገንዘቡን ይዞ ሊመለስ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠን። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተናገርሁትን ላረጋግጥ ብዬ መጻሕፍት አገላበጥሁ። ያገኘሁት ግን አሳፈረኝ።

የኦስትሪያ ገዢ የነበሩት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ነው። ይሁን እንጂ በእኛና በዐረብ አገር ያሉ ነጋዴዎች ያንን መልክ ስለ ለመዱ፥ ብሩ መልኩም ዓመቱም ሳይለወጥ እስከ ዘመናችን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር የብሩን ዕድሜ አይናገርም።

ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ያሉት ኤስና ኤፍ የተባሉት ፊደሎችም እንደዚሁ ናቸው። ዛሬ በጀርመን አገር በምትገኘው በጉንስቡርግ ከተማ የገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ቅርጹን ሲቀዱ ፊደሎቹንም አብረው ቀዱ። ቪየናም፥ ሚላኖም፥ ቬኔዚያም መትተውታል። በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ መምቻውን ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮማ አስመታው። ከዚያ ወዲህ ለንደን፥ ፓሪስ፥ ብራስልስና ቦምቤይ ተከተሉ። ወራሪው በዚህ ብር ሰው ገዛበት፤ ጠላትን ለማስወጣት ወደ ጎጃም የገቡት የሳንድፎርድና የዊንጌት ሰዎችም ይህንኑ ብር ጭነው መጡ። የሁለቱም መልክ አንድ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? አንደኛ በሚዛን ነው። እውነተኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የቀድሞው ወቄታችንም የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነበር። ሁለተኛ በጠርዙ ነው። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሕፈት ጐልቶ ይታያል፤ በአፈር ቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ግን ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ሦስተኛ በአጉሊ መነጽር ነው። በትከሻዋ ባለው ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎችና የንስሩ የጅራት ላባዎች ከመምቻ ወደ መምቻ ጥቂት ይለያያሉ። የቀድሞ ሰዎችም ዕንቁውን ሳይቈጥሩ ብር አይቀበሉም ነበር።

የእኛን አምስቱን ከአንድ ብር አንጥረኛ ዘንድ አስመዘንኋቸው። አራቱ እውነተኛ ሆኑ፤ አንዱ ግን ቀለለ፥ ጠርዙም ልሙጥ ነበር። ከአራቱም አንዱ እንኳ በንግሥቲቱ ዘመን ስለ መመታቱ ማስረጃ አላገኘሁም።

ገዢው ሲመለስ እውነቱን ነገርሁት። እርሱም የብሩን የክብደት ዋጋ ብቻ እከፍላለሁ አለ። አጎቴ «አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት!» ብሎ ተቈጣኝ። አያቴ ግን «ልጄ፥ ብሩ ማን እንደ መታው አይናገርም፤ አንተ ግን አፍ አለህ» አሉኝ። ከዚያም ሁለቱን ሸጡ። በገንዘቡ የጣሪያው ግማሽ ተለወጠ፤ ግማሹ ዛሬም ያፈስሳል። ዝናብ በጣለ ቍጥር ከጣሪያው ሥር ባልዲ የማቀርበው እኔ ነኝ። ቢሆንም አልጸጸትም።

ውድ ጓደኞቼ፤ በየቤታችን ያለው ጠገራ ብር በየጊዜው እየቀለጠ መስቀልና የጆሮ ጌጥ ይሆናል። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ወደ እሳት ከመግባቱ በፊት እንመዝነው፤ ጠርዙን እንይ፤ ከማን እጅ በምን ንግድ እንደ መጣ ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን እንጻፍ። ብሩ የማይናገረውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ሐሰተኛውን ብር አያቴ ለእኔ ሰጡኝ። ይኸው በእጄ ነው። ከንግግሩ በኋላ ከእውነተኛው ጋር አስተያይቶ ሊለየው የሚወድ ሁሉ ወደ እኔ ይምጣ።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።