ያዳነ መድኃኒት ሲጎዳ



ሲክል ሴል የተባለውን፥ ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠውን በሽታ ከወላጆቻቸው ለወረሱ ሕፃናት ትኩሳት ፋታ አይሰጥም። ጣፊያቸው ስለሚደክም ተሐዋስያን በሰዓታት ውስጥ ሊገድሏቸው ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ሴፍትሪያክሶን የተባለውን መድኃኒት ፈጥነው በመርፌ ይሰጣሉ፤ ብዙዎችም ይድኑበታል።

ነገር ግን አልፎ አልፎ፥ ይልቁንም መድኃኒቱን ቀድሞ በወሰደ ሕፃን ላይ፥ ሰውነቱ በመድኃኒቱ ምክንያት የገዛ ደሙን ያፈርሳል። በአሜሪካ አገር አንድ ሕፃን በዚሁ ምክንያት መሞቱ በ1995 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ተገልጿል።

እንግዲህ ወላጆች፥ ከመርፌው በኋላ ልጁ ወገቡን ቢያመው፥ ቢገረጣ ወይም ሽንቱ ቢጠቁር ሳትዘገዩ ለሐኪሙ ንገሩ። ጉዳቱ ከታወቀም የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ልጁ ዳግመኛ ሊወስደው አይገባምና። መርፌውን ፈርቶ ትኩሳትን በቤት መሸሸግ ግን ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው።